ለላላ ጅማትና ለቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጥ መርፌ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን የቸርችል ጎዳና በጠዋት የሚሄድበት ሰው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ የራጅ ፊልማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው የሚያዘግሙ እናቶችና አባቶችን ሳያይ አያልፍም። እኔ በዚሁ አካባቢ የመገጣጠሚያ ሕሙማንን የምመለከት ሐኪም ነኝ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ብዙዎቹ ሕመማቸው ምን እንደሆነ ከመጠየቃቸው በፊት «ጅማት የሚያጠብቅ መርፌ አለ ይላሉ፤ እሱን ይውጉኝ» ይሉኛል። ከዚህ በታች ያሉት በቃል የምሰጣቸው መልሶች ናቸው፤ በጽሑፍ ሲሰፍሩ ትንሽ ሰፋ ብለዋል። ጉልበትዎን በእጁ ዳስሶ ያየ ሐኪም የሚነግርዎትን ግን አይተኩም።

ጅማትሽ ላልቷል ተብያለሁ። የላላው በትክክል ምኑ ነው?

«ጅማት» በአማርኛችን ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ይባላል፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚታየውን የደም ሥርና ነርቭንም በዚሁ ስም የሚጠሩ አሉ። ስለዚህ «ጅማቴን ያመኛል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚያመውን ቦታ በአንዲት ጣት እንዲያሳየኝ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት አጥንትን ከአጥንት አስሮ መገጣጠሚያው ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚይዘው፣ ሐኪሞች ሊጋመንት የሚሉት ጅማት ነው። የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የአልጋው እግርና አግዳሚ ደህና ሆኖ ጠፍሩ ብቻ ሲረግብ የተኛው ሰው ወደ መሃል ይሰምጣል፤ ጠዋት ሲነሳም ወገቡን ያመዋል። መገጣጠሚያም እንዲሁ አጥንቱ ደህና ሆኖ ማሰሪያው ሲረግብ በየእርምጃው ጥቂት ይንሸራተታል፤ ያንን መንሸራተት ለመያዝ በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ይወጠራሉ፣ ይደክማሉ፣ በመጨረሻም ያማሉ።

ብዙውን ጊዜ ጅማት የሚላላው በደንብ ሳይድን በቀረ ወለምታ ነው። ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሰው ሁለት ቀን ተኝቶ፣ እብጠቱ ሲጎድል በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከወር በኋላ ታክሲ ሲወርድ ያው እግር እንደገና ወለም ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሦስተኛውና አራተኛው ይከተላሉ። በእርግዝና ወቅትም በሆርሞን ምክንያት የዳሌ መገጣጠሚያዎች ጅማት ይለሰልሳል። ከዚህ ሌላ ከልጅነታቸው ጀምሮ መገጣጠሚያቸው ልል የሆነ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ቀላል መለኪያ አለ፦ ትንሿ የእጅ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፏ፣ አውራ ጣት ተጣጥፎ ክንድን መንካቱ፣ ክርንና ጉልበት ወደ ኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ መቀልበሳቸው፣ ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍ ወለል መንካቱ ግራና ቀኙ ተቆጥሮ ከ9 ይያዛል። ዕድሜው እስከ 50 የሆነ አዋቂ 5 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ መገጣጠሚያው በተፈጥሮው ልል ነው ይባላል። ይህ ግን በሽታ ማለት አይደለም፤ ከፍተኛ ነጥብ አግኝተው አንድም ቀን ያላመማቸው ተወዛዋዦችና የጂምናስቲክ ስፖርተኞች ሞልተዋል። መገጣጠሚያዎ መላላቱ አንድ ነገር ነው፤ የሚያምዎት በመላላቱ ምክንያት መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነውና፣ ስለ መርፌ ከመነጋገራችን በፊት ይህ ሁለተኛው መጣራት አለበት።

ጅማት ያጠብቃል የሚባለው መርፌ ምንድን ነው?

ስሙ ፕሮሎቴራፒ ነው። ወፈር ያለ የግሉኮስ ውሕድ ጅማቱ ከአጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ፣ ወይም በመገጣጠሚያው ክፍተት ውስጥ፣ በሳምንታት ልዩነት በተደጋጋሚ የሚወጋበት ሕክምና ነው። ግሉኮሱ ሌላ አይደለም፤ ሰው ታሞ ሲዳከም በክንዱ የሚንጠባጠብለት ያው ነው። ልዩነቱ በውፍረቱ ላይ ነው፤ የተለመደው የሚንጠባጠበው ግሉኮስ 5 በመቶ ሲሆን ለዚህ መርፌ የሚውለው ከ12.5 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። 50 በመቶ የሆነው ግሉኮስ ከእኩል መጠን የማደንዘዣና የንጹሕ ውኃ ቅልቅል ጋር ሲደባለቅ 25 በመቶ ይሆናል። ሌሎች ውሕዶችም ተሞክረዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ከኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት የሚሠራ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ግን ግሉኮሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኧርል ጌድኒ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1937 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ላላ መገጣጠሚያ መርፌ ጽፏል፤ ስሙን ያወጣለትና ያስፋፋው ግን የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረው ጆርጅ ሃኬት ነው፤ እሱም በ1956 በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። እንደ እነሱ አስተሳሰብ ወፍራሙ ግሉኮስ በዙሪያው ካሉ ሕዋሳት ውኃ ስቦ ያውካቸዋል፤ ሰውነት ይህን እንደ ትንሽ ቁስል ይቆጥረዋል፤ ብግነት፣ ማለትም ማበጥ፣ መቅላትና መጋል፣ ይነሳል፤ ብግነቱ ጠጋኝ ሕዋሳትን ይጠራል፤ እነሱም ኮላጅን የተባለውን የጅማት ክር ይሠራሉ። ይህ በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ በከፊል ታይቷል። በታማሚ ሰው ላይ ሕመሙ ሲቀንስ ምክንያቱ ይኸው መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ «ጅማት የሚያጠብቅ» የሚለው አጠራር እኔን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የረገበ ጠፍር ውኃ ተነክሮ እንደገና ይወጠራል፤ የረገበ ጅማትን በመርፌ የሚወጥር ሐኪም ግን የለም።

ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

የትኛውን መገጣጠሚያ እንደሚያምዎት ሳላውቅ ይህን ልመልስልዎት አልችልም።

ልም አጥንቱ፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል፣ የሳሳ ጉልበት ከሆነ፣ ነገሩን በቁም ነገር የሚያስይዙ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 90 አዋቂዎችን በዕጣ ለሦስት ከፍሎ አንደኛውን ቡድን ግሉኮስ፣ ሁለተኛውን የጨው ውኃ አስወጋ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ቤቱ እንዲሠራ የጉልበት እንቅስቃሴ አስተማረ። ሕመም፣ መገተርና የዕለት ኑሮ ተደምረው ከ100 በሚያዙበት መለኪያ፣ ከዓመት በኋላ የግሉኮሱ ቡድን 15.3 ነጥብ፣ የጨው ውኃው 7.6፣ እንቅስቃሴ የሠራው 8.2 ተሻሽሎ ተገኘ። በ2020 ደግሞ 76 ሰዎች በተሳተፉበት የሆንግ ኮንግ ጥናት የግሉኮስ መርፌ ከጨው ውኃው በዓመቱ በልጦ ታይቷል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው። ከመጀመሪያው ጥናት ደግሞ ብዙዎች ዘለው የሚያልፉትን አንድ ነገር እንድትመለከቱልኝ እፈልጋለሁ፦ ምንም መድኃኒት የሌለበት የጨው ውኃም ሰዉን አሻሽሎታል፤ ቤቱ ተቀምጦ እግሩን ሲያነሳና ሲያወርድ የከረመው ሰውም መርፌ ሳይነካው የዚያኑ ያህል ተሽሎታል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ ፕሮሎቴራፒ ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ መሳሳት ባይሰጥ ይሻላል ብሏል፤ ይህ ግን ፈጽሞ የማይቻል ነው የሚል ጠንካራ እገዳ ሳይሆን፣ ያለው ማስረጃ አነስተኛ ስለሆነ የተሰጠ ልል ምክር ነው። በአንጻሩ ያው መመሪያ እንቅስቃሴንና ክብደት መቀነስን በጠንካራ ቃል ይመክራል።

ለወገብና ለጀርባ ሕመም ከሆነ መልሴ አጭር ነው። በ2004 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ጀርባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን 110 ሰዎች ከፍሎ ግማሹን ግሉኮስ፣ ግማሹን የጨው ውኃ አስወጋ፤ ሁለቱም ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን የረባ ልዩነት አልተገኘም። በ2007 ጥናቶቹን ሁሉ ሰብስቦ የመዘነው የኮክሬን ግምገማም መርፌው ብቻውን ለቆየ የወገብ ሕመም እንደማይጠቅም ደመደመ። የሚገርመው፣ ሃኬት ሐሳቡን በዋናነት የገነባው በጀርባና በወገብ ሕመም ላይ ነበር። እኔ ለወገብ ሕመም ይህን መርፌ አላቀርብም፤ ዲስክ ተንሸራቷል ለተባለና እግሩን ለሚያደነዝዘው ሰው ደግሞ ጨርሶ ቦታው አይደለም።

በአንድ ጊዜ ጉዳት ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማትንም ማንኛውም መርፌ አይቀጥለውም። ኳስ ሲጫወቱ ጉልበትዎ «ጧ» ብሎ፣ በዚያው ሰዓት አብጦ፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ሲወርዱ የሚከዳዎት ከሆነ፣ የሚያስፈልግዎት የኤምአርአይ ምርመራና የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ምክር ነው።

ባለፈው ዓመት የተወጋሁት የጉልበት መርፌ ይኸው ነው?

ምናልባት አይደለም። በከተማችን «የጉልበት መርፌ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ ማለት ነው፤ በብልቃጡ ላይ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ወይም ትራያምሲኖሎን ተብሎ ይጻፋል። የሁለቱ ሥራ ተቃራኒ ነው ቢባል አልተጋነነም፤ ፕሮሎቴራፒ ብግነትን ለመቀስቀስ ይሰጣል፤ ስቴሮይድ ብግነትን ያጠፋል። ስቴሮይድ በቀናት ውስጥ ያስታግሳል፤ እፎይታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት አያልፍም። ክፉኛ ያበጠ ጉልበት ላይ አንድ ጊዜ መወጋቱ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ችግሩ ሲደጋገም ነው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት 140 ሰዎችን በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት አስወግቶ፣ ስቴሮይድ የተወጉት ልም አጥንታቸው ከጨው ውኃው ቡድን ይልቅ እንደሳሳ፣ በሕመም ረገድ ግን ልዩነት እንደሌላቸው አሳይቷል። ጡንቻን ከአጥንት በሚያያይዝ ጅማት ውስጥ ቢወጋ ደግሞ ጅማቱን ሊያደክመውና ሊበጥሰው ስለሚችል፣ ለላላ ጅማት ብሎ ስቴሮይድ መደጋገም በረገበ ጠፍር ላይ እሳት እንደማንደድ ነው።

ከገዛ ደም ተጣርቶ የሚወጋው ፒአርፒ፣ እንዲሁም «ጄል» እየተባለ የሚጠራው ሃያሉሮኒክ አሲድም ሌሎች መርፌዎች ናቸው። ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ዋጋቸው ከፍ ስላለ ብቻ የተሻሉ ናቸው ማለት ግን አይደለም።

ስኳር በሽታ አለብኝ። ግሉኮስ ብወጋ አይነሳብኝም?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የአሜሪካ ጥናት በጉልበት ውስጥ የተወጋው 25 በመቶ የሆነ 6 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህ 1.5 ግራም ስኳር ነው። በጉልበቱ ዙሪያ ባሉ ነጥቦች ደግሞ 15 በመቶ የሆነ እስከ 22.5 ሚሊ ሊትር ተወግቷል፤ ይህም ወደ 3.4 ግራም ይጠጋል። ሲደመር 5 ግራም የማይሞላ ነው፤ ማኪያቶዎ ላይ ከሚጨምሩት አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም። በአንጻሩ ምንም ስኳር የሌለበት የስቴሮይድ መርፌ የደም ስኳርን ለቀናት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ስኳር ያለበት ሰው አጥብቆ መጠየቅ ያለበት ስለ ስቴሮይዱ ነው። ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ ሰው ግን የየትኛውም መርፌ ቦታ ቶሎ ሊያመረቅዝበት ይችላልና፣ በመጀመሪያ ስኳሩን ያስተካክል።

ሲወጋ ያማል? በኋላስ?

ያማል፤ ይህን የሚሸፍን ሐኪም አይመኑ። ቆዳው በአልኮል ወይም በአዮዲን በደንብ ይጸዳል፤ በላዩ ላይ ማደንዘዣ ይሰጣል። መርፌው ቀስ ብሎ ይገባና ጫፉ አጥንት ሲነካ ሐኪሙ በጣቶቹ ይሰማዋል፤ ያኔ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ገፍቶ፣ ጥቂት መለስ ብሎ ወደሚቀጥለው ነጥብ ይሄዳል። ጉልበት ላይ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ከአሥር ሊያልፉ ይችላሉ፤ በእጅ ዳሰሳ የሚሠራም፣ በአልትራሳውንድ እያየ የሚሠራም አለ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ቦታው ያብጣል፣ ይገተራል፣ ሕመሙም ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ለማስታገስ ፓራሲታሞል ይዋጣል፤ ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን መርፌው እንዲቀሰቅስ የታሰበውን ብግነት ስለሚያፍኑ በነዚህ ቀናት እንዲቀሩ ይመከራል። ይህ ለእኛ ከተማ ሰው ቀላል ምክር አይደለም፤ ዲክሎፌናክ ብዙዎቻችን ቤት ከበርበሬው ጎን የሚቀመጥ ነገር ሆኗልና። ሕመሙ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ መገጣጠሚያው ከጋለ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም ካተኮሰዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይመለሱ። በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ተሕዋስ ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ከተከሰተ ግን በቀናት ውስጥ ልም አጥንትን ይበላል። በደረት፣ በአንገትና በጀርባ አካባቢ የሚሰጡ መርፌዎች ደግሞ ሳንባን ወይም ነርቭን የመንካት ተጨማሪ አደጋ አላቸው።

መርፌ ጨርሶ መወጋት የሌለበት ማን ነው?

ከዚህ ገጽ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህኛውን ያንብቡ። በድንገት ያበጠ፣ የቀላ፣ ሲነኩት የሚፋጅና ትኩሳት ያለበት መገጣጠሚያ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ ምንም ነገር አይወጋበትም፤ መጀመሪያ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። መግል ሊሆን ይችላል፤ ሪህም ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ሁለት ተደብቀው የሚቆዩ በሽታዎች አሉ። አንደኛው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢ ነው፦ አንድ ጉልበት ወይም አንድ ዳሌ ብቻ ለወራት ቀስ እያለ ያብጣል፤ ሰውየው ይከሳል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ሳል ላይኖረው ይችላል። ሁለተኛው ጥሬ ወተት ከሚጠጡና ከከብት ጋር ከሚውሉ ሰዎች ጋር የሚያያዘው ብሩሴሎሲስ ነው፤ እሱም እየሄደ በሚመለስ ትኩሳት ታጅቦ ወገብንና መገጣጠሚያን ያማል። እንዲህ ባለ ጉልበት ውስጥ ስቴሮይድ የተወጋ ሰው ለሁለት ሳምንት «ዳንኩ» ብሎ ይመሰክራል፤ በሽታው ግን በዚያ ጊዜ ሜዳውን አግኝቶ ይሰፋል። «ብርድ ነው የመታኝ» ብለው ለራስዎ ከመፍረድዎ በፊት ክብደትዎንና ትኩሳትዎን ይለኩ።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ አጥንታቸው በቅርቡ የተሰበረ፣ መርፌው በሚገባበት ቆዳ ላይ ቁስል ያላቸው፣ ማደንዘዣ የማይስማማቸውና ነፍሰ ጡር የሆኑ ሰዎች አስቀድመው ይንገሩ።

መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ብሄድ ምን ይሉኛል?

ምንም አልልም፤ ብዙ ሰው ወጌሻ ዘንድ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እጃቸው የተባረከ ሰዎችም አሉ። ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ወለም ባለዎት ዕለት፣ በኋላም ሲመረመሩ፣ በዚያ እግር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ ራጅ ሳይነሱ ማንም እንዲያሽዎት አይፍቀዱ፤ የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽ ከቦታው ይወጣል። በቀርከሃ ወይም በጨርቅ ከታሰረ በኋላ ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያችው ደቂቃ ይፈታ፤ ሳይፈታ አድሮ እግር ያስቆረጠ እስር ያየ ሐኪም ይህን ሲናገር ድምፁ ከፍ ቢል አይፈረድበትም።

ስንት ጊዜ ልወጋ? ወጪውስ?

የጉልበቱ ጥናት ተሳታፊዎች በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ9ኛው ሳምንት ተወግተዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ከሦስት እስከ ስድስት ዙር፣ በአራት ሳምንት ገደማ ልዩነት ነው። ከሦስተኛው በኋላ ምንም ለውጥ ካላዩ አራተኛውን ለመቀጠል ምክንያት አይታየኝም። ወጪውን የአንድ ቀን ሳይሆን የሁሉንም ዙር፣ የካርዱንና የአልትራሳውንዱን ጭምር አስደምረው ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። የተቋሙ የሥራ ፈቃድና የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ካልታየዎት አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም።

መርፌ ከተወጋሁ እንቅስቃሴው ይቅርብኝ?

አይቀርም። እንዲያውም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እንቅስቃሴውን እመርጣለሁ። የላላ ጅማትን ሥራ ተክቶ የሚሠራው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ በመርፌ አይጠነክርም። ለጉልበት፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው አምስት እስኪቆጥሩ ያቆዩትና ያውርዱ፤ አሥር ጊዜ፣ ከዚያ ሌላውን። ለቁርጭምጭሚት፣ ጀበናው እስኪፈላ ድረስ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም ይለማመዱ፤ ይህች ቀላል የምትመስል ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ተደጋጋሚ ወለምታን እንደምትቀንስ በጥናት የታየ ነው። ክብደት ካለብዎት፣ ከሰውነትዎ የሚቀንሱት እያንዳንዱ ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበትዎ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። በመጨረሻው መርፌ በሳምንቱ ሜዳ ላይ መራመድ ይጀምሩ። በማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹን ከሚሮጡት ጋር ለመቀላቀል ግን አይቸኩሉ፤ ሽቅቡ ባይጎዳዎት ቁልቁለቱ የላላ ጉልበትን ይፈትነዋል።

ስለ ስግደትና ሶላት ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። ጉልበትን ሙሉ በሙሉ አጥፎ በላዩ ላይ መውረድ በሳሳ ልም አጥንት ላይ ከባድ ጫና ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ወቅት ቁጥሩ ሲበዛ። መርፌ ከተወጉ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ቢቀር ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢጸልዩ ይሻላል። ስለ ሥርዓቱ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ይጠይቁ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ እንደማያጡ ሕሙማኖቼ ነግረውኛል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላትም ያው ነው፤ የጀበናውን ከሰል ከፍ አድርገው እርስዎም ወንበር ላይ ከፍ ይበሉ።

ከዚህ በፊት ምን እንደተወጋሁ አላውቅም። ምን ላድርግ?

አንዲት በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት በዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ጉልበታቸውን ተወግተው መጡ። የተወጉበት ቦታ የሰጣቸው ካርድ ላይ አምስት ቀኖችና አምስት ጊዜ «የጉልበት መርፌ ተሰጥቷል» የሚል ብቻ ነበር። እሳቸው ግሉኮስ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ፊታቸው ሞላ ብሏል፤ ከዚህ በፊት ያልነበረባቸው ስኳር ጀምሯቸዋል። ልጃቸው ግን አስተዋይ ነበረች፤ አራተኛው መርፌ በተሰጠበት ቀን ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብልቃጥ በስልኳ አንስታው ኖሯል። ፎቶውን አስፍታ ስታሳየኝ ጽሑፉ ይነበባል፦ ትራያምሲኖሎን፣ 40 ሚሊ ግራም። ያቺ ፎቶ ባትኖር ኖሮ የስኳሩንና የፊታቸውን ምክንያት ለማግኘት ስንት ምርመራ እናዝዝ እንደነበር አላውቅም።

እርስዎም የተወጉበት ቦታ ተመልሰው የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የትኛው ጉልበት እንደሆነና ቀኑን በካርድዎ ላይ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ፤ መረጃው የእርስዎ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ከመወጋትዎ በፊት ብልቃጡን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁና፣ ባለሙያው ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሳጥን) ውስጥ ሳይጥለው ፎቶ ያንሱት።